እጅ የማይነሳበት ጨዋታ

እናቴ የመጨረሻውን ደረጃ ታልፋለች። ታብሌቱ ላይ ኮከብ ይዘንባል። አብሮኝ የሚሠራው ፕሮግራመር ከወንበሩ ብድግ ብሎ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው አይሰማኝም፣ መዳፎቹ ሲጋጩ ግን አያለሁ።

ጨዋታውን የነደፍኩት እኔ ነኝ። እንደኔ የማይሰማ ልጅ ያላቸው ወላጆች የምልክት ቋንቋ እንዲማሩበት ነው። ዛሬ ቢሯችን ድረስ በየተራ እየመጡ እየሞከሩት ነው። እናቴ ቤቷ ወስዳ ስትለማመድ ከርማ ሁሉንም አስከነዳቻቸው።

ታብሌቱን አስቀምጣ ፊቷን ታዞራለች። ወደ እኔ አይደለም፤ አጠገቤ ወደቆመችው አስተርጓሚ።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ንገሪልኝ። ኮርቼብሻለሁ ትልሻለች በያት።»

አስተርጓሚዋ በእጇ ትነግረኛለች። ደሜ ይፈላል።

«ራሷ ትንገረኝ!» እላለሁ በእጄ።

«እንዴ! ደግሞ ምን አጠፋሁ?» ትላለች እናቴ፣ አሁንም ለአስተርጓሚዋ። «‹ኩራት› የሚለውን አውቀዋለሁ እኮ! ከሦስቱ ስዕል ትክክለኛውን ወዲያው ነው የነካሁት።»

ነካሁት። ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ጣቷን ብቻ ነው ያንቀሳቀሰችው! ጨዋታውን ስነድፍ ካሜራ ይኑረው፣ ምልክቱን እጃቸውን አንስተው ያሳዩ ብዬ ነበር። «ወላጆች ያፍራሉ፣ ቀለል እናድርግላቸው» አለ ፕሮግራመሩ። እኔም እሺ አልኩ። ለእነሱ ያልቀለለ ምን አለ? ልጅ ሆኜ ገበታ ላይ ሁሉም ሲንከተከቱ፣ ምን ተባለ ብዬ የእናቴን እጅ ስጎትት፣ «በኋላ እነግርሻለሁ» ነበር መልሷ። ያ በኋላ እስከ ዛሬ አልመጣም።

«ውጪልን» እላታለሁ አስተርጓሚዋን።

ታመነታለች። ከዚያ ፕሮግራመሩን ክንዱን ይዛው ትወጣለች።

እናቴ በሩን ታያለች፤ ሰው ጥሏት የሄደ ይመስል። ወንበሬን ስቤ ጉልበቴ ጉልበቷን እስኪነካ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ። ጣቶቼን እንደ ድመት ጥፍር አጥፌ ከሆዴ ወደ ደረቴ እስባለሁ። ተናድጃለሁ። እደግመዋለሁ። ተናድጃለሁ፣ እማዬ።

ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። በረጅሙ ትናገራለች። ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ የኔ ጆሮ መድፈን ይኼው ነው።

ጉልበቴን በመዳፏ ትመታኛለች። ዓይኔን ስገልጥ ፊቷ ቀልቷል፣ አፏ ተዘግቷል። እጇ ከጭኗ ላይ ይነሳል። ጣቶቿን አንድ በአንድ ታጥፍና ከሆዷ ወደ ላይ በኃይል ትስባቸዋለች፤ ከዚያ የገዛ ደረቷን ደጋግማ ትጠቁማለች።

እሷም ተናዳለች።

ምልክቱ ላይ መዳፏ ግን ተሳስቶ ወደ ውጭ ዞሯል። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ የእጇን አንጓ ጠበቅ አድርጌ ይዤ መዳፏን ወደ ራሷ አዞርላታለሁ።