አልሰጠሁሽም በላት

ልጅቷ ተናግራ ስትጨርስ አስተርጓሚው ሆሴዕ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ፣ በሕይወት ስላገኘሁሽ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የምትለው» አለ።

ገነቴ ልጇን አየቻት። ጣቢታ በአምስት ዓመቷ ከዶዮገና ባሕር ማዶ ተሻግራ፣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ ዛሬ ገና መመለሷ ነው። ከምባትኛውም አማርኛውም ጠፍቶባታል። ፊቷ ላይ ግን የምስጋና ወዝ የለም። የእናቷ የአውራ ጣት አሻራ ያረፈበትን የቆየ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።

«አቶ ሆሴዕ፣ አዶፕሽን ብላለች» አለች ገነቴ።

«እ?»

«ሁለቴ ጠራችው። እርስዎ ሲተረጉሙ ግን አልሰማሁትም።»

ገነቴ ከእንግሊዝኛ የምታውቀው ይህችን አንዲት ቃል ብቻ ነው። ያኔ ሆሳዕና፣ ልጆችን ወደ ውጭ በሚልከው ድርጅት ቢሮ ውስጥ፣ «አዶፕሽን ማለት እነሱ ያስተምሯታል፤ አሥራ ስምንት ሲሞላት ትመለስልሻለች» ብሎ ያስፈረማት ይኸው ሰው ነው። በሦስተኛው ዓመት አንድ አስተማሪ የቃሉን ፍቺ ነገራት፤ በሕግ የሌላ ሰው ልጅ ሆናለች ማለት ነው አላት። ጣቢታ ዛሬ አስተርጓሚ ብላ ከሆሳዕና ይዛው የመጣችው ሰው ማን እንደሆነ አታውቅም።

ሆሴዕ አንገቱን ደፋ። «ለምን ለአዶፕሽን ሰጠሽኝ ነው የምትለው። ያለፈውን ብንተወው አይሻልም? የደስታ ቀን ነው፤ ጎረቤቱም ተሰብስቧል።»

«ጎረቤቱም ይስማ!» ገነቴ ብድግ አለች። አንቱታውን እዚያው ተወችው። «አልሰጠሁሽም በላት። ተምራ ትመለሳለች ተብዬ ነው የላክሁሽ በላት። እንዲያ ያለኝ ሰው ደግሞ ስም አለው፤ እሱንም ንገራት።»

«ገነቴ፣ እኔም እኮ ያኔ ተቀጣሪ ነበርኩ...»

«ይህንንም ጨምርላት። ከስምህ ግን ጀምር።»

በር ላይ የቆሙት ጎረቤቶች ወደ ውስጥ ቀረብ አሉ። ሆሴዕ መሐረቡን አወጣ፤ መልሶ ከተተው። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ በእንግሊዝኛ ይናገር ጀመር። ገነቴ ከሚለው ሁሉ አንድም አልገባትም፤ ስሙን ሲጠራ ግን ሰማች።

ጣቢታ ዓይኗን ከእናቷ ላይ አነሣች። ቀስ ብላ ወደ ሰውየው ዞረችና ወረቀቱን እያሳየችው አንዲት አጭር ጥያቄ ጠየቀችው።

ገነቴ ተርጉምልኝ አላለችም። ሄዳ ከልጇ ጎን ተቀመጠችና መልሱን አብራት ትጠብቅ ጀመር።