ማን ይናገርልዎ?

«ክ… ክ…» አለች ትህትና፣ የጠበቆቹን ጠረጴዛ በሁለት እጇ ጨብጣ። «ክቡር ፍርድ ቤት» ልትል ነበር። ጠዋት ኮምቦልቻ፣ ቤቷ ውስጥ፣ አርባ ጊዜ ብላዋለች። አሁን ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ተወትፎ አልወጣም አላት።

ሦስቱ ዳኞች ጠበቁ። የመሐል ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር። ደግ ሰው ናቸው፤ እንዳያዩዋት ብለው ነው። ደግነታቸው ይበልጥ አፈናት።

የጥብቅና ፈቃድ ካወጣች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዘጠኙንም ዓመት ደሴ፣ ጋሽ ስለሺ ቢሮ የኋላ ክፍል ተቀምጣ ስትጽፍ ኖረች። እሷ ትጽፋለች፣ እሳቸው ችሎት ቆመው ይናገሩታል፣ ሰው በአንደበታቸው ይደነቃል። እናቷ «ስንት ሥራ እያለ ንግግር ያለበትን መረጥሽ?» ማለቱን ከተወች ቆይታለች፤ ዝምታዋ ባሰ። ትህትና ግን በየማለዳው፣ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ፣ በሞተሩ ጩኸት ተከልላ መለማመዷን አልተወችም። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ቆመች።

የቆመችው ለእማማ አትጠገብ ነበር። አሮጊቷ ጎህ ሲቀድ ከኩታበር ተነስተው መጥተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። በታችኛው ፍርድ ቤት በሟች ባላቸው ወንድም ተረትተዋል። ሰኞ መሬቱን ሊያስለቅቋቸው ይመጣሉ፤ ባቄላው ገና አልተሰበሰበም። ዛሬ ፍርዱን የሚያቆም እግድ ካልወጣ አለቀ።

«ካስቸገረዎት በጽሑፍ ያቅርቡ» አሉ የመሐል ዳኛው ቀስ ብለው። «ለሁለት ሳምንት እንቅጠረው።»

«ሰ… ሰኞ…» አለች ትህትና። ከዚያ አላለፈም።

ከኋላ ተቀምጠው ይከታተሉ የነበሩት ጋሽ ስለሺ ተነሱ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ውክልናው ላይ እኔም አለሁበት። ከተፈቀደልኝ አሁኑኑ ላስረዳ።»

ትህትና ዞር ብላ እጇን ዘረጋችባቸው፤ ይቆዩ እንደ ማለት። ወዲያው ደግሞ ደነገጠች። እጇ የተዘረጋው ለአሮጊቷ ብላ ነው ወይስ ለራሷ ዘጠኝ ዓመት? አላወቀችም።

የመሐል ዳኛው ወደ አግዳሚው ተመለከቱ። «እማማ፣ ጉዳዩ የእርስዎ ነው። ማን ይናገርልዎ?»

እማማ አትጠገብ ተነስተው ትህትናን ረጅም ጊዜ አዩዋት። ድንበሩን በእግሯ ዞራ ያየችላቸው፣ ታሪካቸውን ሦስት ቀን ሙሉ ሳትሰለች ያዳመጠቻቸው እሷ ናት።

«ይቺ ልጅ ነገሬን ከኔም አብልጣ ታውቀዋለች» አሉ። «ግን ጌታዬ፣ ሰኞ ይመጡብኛል። እሳቸው ይናገሩልኝ።»

ትህትና ተቀመጠች። ጆሮዋ ጋለ። ጋሽ ስለሺ እሷ የጻፈችውን፣ አንድ ቃል ሳያጎድሉ፣ እሷ ነጠላ ሰረዝ ያደረገችበት ላይ ትንፋሽ እየወሰዱ ተናገሩት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ዳኞቹ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩና እግዱን ፈቀዱ፤ ይግባኙን ለኅዳር አሥራ ሁለት ቀጠሩት። እማማ አትጠገብ እልልታ እንዳያመልጣቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ትህትናም እሰይ አለች በልቧ። ከልቧ ነበር። ዓይኗን ግን ከወረቀቷ ላይ ማንሳት አቃታት።

«በቀጠሮው ቀን የሚቀርበው ጠበቃ ማን ተብሎ ይመዝገብ?» አለች የችሎቱ ጸሐፊ።

ጋሽ ስለሺ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ትህትና ቀድማቸው ተነሳች። እማማ አትጠገብ በስጋት ቀና ብለው አዩዋት። የገዛ ስሟ ከቃል ሁሉ ይብስባታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲያ ነው።

«ት…» አለች። «ት…»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋሽ ስለሺ ስሟን ሊናገሩላት ቃጣቸውና ተዉት። የመሐል ዳኛው የሚቀጥለውን መዝገብ ሳይገልጡ እጃቸውን አኖሩበት።

ጸሐፊዋ አንዷን ፊደል ጻፈች። ጣቶቿን ከኪቦርዱ ሳታነሳ፣ የቀረውን ትጠብቅ ጀመር።