የመጀመሪያው መልስ

ውሃ በኮታ ከሆነ ወዲህ ማን የት እንደሚኖር የሚወስነው ቀመር ነው። ዛሬ ማንያዝዋል የሚሠራበት ኮምፒዩተር የራሱን ቤተሰብ ቀመር ፈትቶ ሁለት መልስ አወጣ። በመጀመሪያው ልጁ ሶስና ብቻዋን ሰመራ ትሄዳለች፤ በሁለተኛው ሦስቱም ደብረ ብርሃን ይቀራሉ።

"መልስ የምትመርጠው አንተ አይደለህ እንዴ?" አለችው ሚስቱ ዘሪቱ።

"እኔ የምን መራጭ ነኝ? የመጀመሪያውን አውጥቼ እልካለሁ። ሌላ ብልክ ኮምፒዩተሩ አይቀበለኝም።"

"ሁለተኛው ስህተት ነው?"

"ትክክል ነው። ደጋግሜ አጣርቻለሁ።"

"ታዲያ ያኛው ለምን ቀደመ?"

"አንዱ መቅደም ስላለበት።"

ሰመራ ሙቀት ነውና ዘሪቱ የልጅቷን ወፍራም ሹራብ ከሻንጣው አውጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ልትመልሰው ተነሣች።

"እማዬ፣ እስክመለስ ይጠበኛል" አለች ሶስና። "ለጎረቤት ልጅ ስጪው።"