የሚሄዱበትን ይጻፉ

ጉድሩን ሳትመክር የሸኘችው እንግዳ የለም። ኖርዌይ ውስጥ ተራራ ላይ ያለውን የመንገደኞች ጎጆ መጠበቅ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ለፋሲካ ዕረፍት የበረዶ መንሸራተቻ ስኪውን አጥልቆ የመጣ ሁሉ ሾርባዋን ሳይጨርስ ምክሯን ይጋታል።

«ሁለት ካልሲ አትደርብ፣ እግርህን አጥብቆ ያቀዘቅዝሃል። አንድ ወፍራም የሱፍ ይበቃል። በጠዋት ውጣ። ብርቱካን ያዝ። ፀሐይ ወጣች ብለህ ካፖርትህን ጥለህ እንዳትሄድ።»

ከሁሉም በላይ ግን መዝገቡ ነው። በሩ አጠገብ በሲባጎ የታሰረ ትልቅ ደብተር ላይ ሰው ሁሉ ከመውጣቱ በፊት የሚሄድበትን ጎጆ ይጽፋል። ማዕበል ሲነሳ ፈላጊዎች የሚያምኑት እሱን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ጉድሩን ቀልድ አታውቅም።

«ለአለቃችሁ ዋሹ፣ ለሚስታችሁም ዋሹ» ትላለች። «እዚህ ደብተር ላይ ግን አይዋሽም።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መጡ። የሴትዮዋ የጀርባ ቦርሳ ላይ ማሪት ቬስቦ የሚል ስም ተሰፍቷል። ሰውዬው ስሙን አልተናገረም። ገና ሳይቀመጡ የማሪትን ስልክ ተቀብሎ አጠፋና ኪሱ ከተተው። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀመጠ።

ማሪት ሾርባ ለመጠጣት እጅጌዋን ስትሰበስብ ክንዷ ላይ የበለዘ ነገር ታየ። የአራት ጣት ምልክት ነው፣ ወደ ቢጫነት ዞሯል።

«ቤተሰብሽ ያለሽበትን ያውቃል?» አለቻት ጉድሩን።

«ማወቅ ያለበት ያውቃል» አለ ሰውዬው።

«አንተን አልጠየቅኩም።»

«ተይው» አለች ማሪት ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «በእኔ ፈንታ መልስ መስጠት ልማዱ ነው።»

ሁለቱም ብርቱካናቸውን ልጣጩ ሳይበጠስ በአንድ ረጅም ጥምዝ ላጡ። ሳይነጋገሩ በሉ። አልጋም ለየብቻ ያዙ፤ ጉድሩን ተኳርፈዋል አለች በልቧ።

ጠዋት ላይ የአየር መለኪያውን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። «ከሰዓት በረዶ አለ። ሰው ወዳለበት ሂዱ። ሄልቡ ጎጆ ዛሬ ሃያ እንግዳ አለው፣ ምድጃውም ይነዳል።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አንስቶ «ሁለት ሰዎች፣ ወደ ሄልቡ» ብሎ ጻፈ። ጉድሩን ደስ አላት።

እንግዶቿን ጉብታውን እስኪያልፉ በርቀት ማያ መነጽር መሸኘት ወጓ ነው። በረዶው ላይ የተተከሉት የመንገድ እንጨቶች ከታች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ቀኙ ወደ ሄልቡ፣ ግራው ወደ ቲንቡ ነው። ቲንቡ ድሮ የተዘጋ ጎጆ ነው፤ በዚህ ወቅት ማንም አይረግጠውም። ሰውዬው ወደ ግራ ታጠፈ። ማሪት ቆም ብላ ወደ ኋላ ዞር አለች። ተመልሶ ክንዷን ያዛትና ይዟት ሄደ።

ጉድሩን መነጽሩን አወረደች። ዋሽቶ ነው የጻፈው። ማዕበሉ ሲመጣ አገር ምድሩ ሄልቡ ሲፈልጋት እሷ ቲንቡ ላይ ትቀራለች። ይሄ ሰው ሊገድላት ነው የወሰዳት።

ሸለቆው ውስጥ ላለው ፖሊስ ለቶርላይፍ ደወለች። የሠላሳ ዓመት ወዳጇ ነው።

«ስሟን ስጪኝ፣ አጣራለሁ» አለ። «አንቺ ከጎጆው እንዳትወጪ። በዚህ ዕድሜሽ አንቺን ደግሞ ስንፈልግ እንዳንውል።»

ከዚያ ጉድሩን በሃያ ስድስት ዓመት አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። የሌላ ሰው ጽሑፍ ሰረዘች። ሄልቡን በቀይ አጥፍታ ከላዩ «ቲንቡ» ብላ ጻፈች።

ቀትር ላይ አንድ ሰው ብቻውን ደረሰ። ፊቱ ቀልቷል፣ ያዘለው ትንሽ ቦርሳ ነው። ጫማውን በሥርዓት አራገፈ።

«እንደምን ዋሉ፣ እትዬ?» አለ። በተራራው ላይ ማንም ማንንም አንቱ አይልም፤ እሱ ግን አንቱ አላት፣ እሷም አልጠላችውም። እያወራ ዓይኑ መዝገቡ ላይ ነበር። «እህቴን እየፈለግኩ ነው። ማሪት ትባላለች። እናታችን ምግብ አልበላም ብላለች።»

የጉድሩን ዓይን እንባ ሞላ። ስልኩን፣ ክንዷን፣ ውሸቱን፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። በቀይ የሰረዘችውንም አሳየችው።

«ተንኮለኛ መሆኑን ድሮም አውቃለሁ» አለ ሰውዬው በዝግታ። «ከሄዱ ስንት ሰዓት ሆናቸው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«ሌላ ሰው አብሯቸው አለ?»

«ማንም የለም። እንጨቶቹን ተከትለህ እንዳትዞር። ከታች ያለውን የረጋ ሐይቅ በመሃል ቁረጠው፣ በረዶው ገና አይሰበርም። አንድ ሰዓት ታተርፋለህ። ሾርባ ቅመስና ሂድ።»

«አመሰግናለሁ፣ ሌላ ጊዜ።»

በመስኮት አየችው። ስኪ እንዲህ የሚያውቅ ሰው ካየች ቆይታለች። ሐይቁን ቀጥ ብሎ ሲሰነጥቀው እግዜር ነው የላከው አለች።

በረዶው መጣል ሲጀምር ስልኩ ጮኸ።

«አደጋ ላይ ናት ያልሽው ልክ ነው» አለ ቶርላይፍ። «እናቷን አሁን አግኝቼ አነጋገርኩ። ባሏ ሊገድላት ዝቶባታል። እንዳይቀርባት ፍርድ ቤት ከልክሎታል፣ ግን ከረቡዕ ጀምሮ ቤቱ የለም።»

«አላልኩህም? ገና ሲገባ ነው ያወቅኩት» አለች ጉድሩን። «ግን አይዞህ፣ ወንድሟ ደርሶላታል። ከግማሽ ሰዓት በፊት አቋራጩን አሳይቼ ወደ ቲንቡ ሸኘሁት።»



«ጉድሩን» አለ ቶርላይፍ፣ «ማሪት ያላት ወንድም አንድ ነው። እሱም ጠዋት አብሯት የወጣው ነው።»