የውጪው ክብ

ጂን ቱ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ ከሰፈሩ ቤተ መቅደስ ጀርባ ባለው አዳራሽ ከሌሎች ጋር ክብ ይስላል። ታይናን ከተማ ውስጥ እንደ እሱ ያለ ጡረተኛ ብዙ ነው። መዳፍ በምታህል ነጭ ካርቶን ላይ ክብ ያሰምርና በቀጭን ጥቁር ብዕር ቅጠሉን፣ ማዕበሉን፣ የዓሣ ቅርፊቱን እየደረደረ ይሞላዋል። ላጲስ ክልክል ነው፤ ወሬም ክልክል ነው። ሐሳብ ያሳርፋል ይላሉ።

የሚስቱን ሐሳብ ግን አላሳረፈም።

አንድ ቀን ሚስቱ ሱ ቺዩ ከቦርሳው ያገኘችውን ካርቶን መስኮት ዳር ወስዳ አየችው። የውስጠኛው ክብ የባሏ ነው፤ ወፍራምና ሰነፍ መስመሩን አርባ ዓመት ታውቀዋለች። የውጪው ግን የሌላ ሰው እጅ ነው። መስመሩ ቀጭን፣ ሁሉም ወደ ግራ የተጋደመ፣ ቀለሙም ሳይደርቅ በመዳፍ ጠርዝ የተዳበሰ።

«ይሄ የማን ነው?»

«እዚያ ደንቡ ነው። አንዱ መሐሉን ይጀምራል፣ አጠገቡ ያለው ዙሪያውን ይጨርስለታል።»

«አጠገብህ ያለው ማነው?»

«የመጣ ሰው ይቀመጣል» አለና ሻዩን ፉት አለ።

ሱ ቺዩ ከመሳቢያ የድሮ የቀርከሃ ማስመሪያዋን አውጥታ በሁለቱ ክቦች መካከል ያለውን ክፍተት ለካች። ክፍተት የለም፤ ተነካክተዋል። ማስመሪያው ጫፉ ላይ ተሰንጥቋል፤ የተሰነጠቀው ልጃቸውን ጽሕፈት ስታስተምር ጣቶቹን ስትመታው ነው። ልጁ ተጣልቷት ከቤት ከወጣ ዘጠኝ ዓመቱ። ስሙ በዚህ ቤት እንዳይነሳ የከለከለችውም እሷው ናት።

ማስመሪያውን መልሳ መሳቢያውን በኃይል ዘጋችው።

በሰባት ሳምንት ሰባት ካርቶን ቆጠረች። የውጪው ክብ እያማረበት ሄደ። ከዚህ የባሰው ደግሞ ምግቡ ነው። ጂን ቱ ሐሙስ ማታ የጎደሬ ኬክ ይዞላት መምጣት ጀመረ፤ ያውም ቅጠል ሽንኩርት ያልገባበት። ሽንኩርት እንደማትወድ አርባ ዓመት ሙሉ እየረሳ የኖረ ሰው! አሁን ማን አስታወሰው?

«መበለቷ ባው ጁ ሐሙስን አታሳልፍም አሉ» አለቻት ጎረቤቷ ዩ ሺያ፣ ልብስ እያሰጡ። «ጥፍሯን ሁሉ ተቀብታ።»

«አንቺ ደግሞ! ይሄን ሽማግሌ ማን ይፈልገዋል?»

«እትዬ፣ ድንችም ሲያረጅ ነው የሚያቆጠቁጠው።»

ሱ ቺዩ ሳቀች። ቤት ስትገባ ግን አለቀሰች። በስልሳ አራት ዓመት መቅናት ያሳፍራል፤ እሷም አፈረች፣ ቅናቱ ግን አልለቀቃትም። ያንገበገባት ደግሞ ሌላ አልነበረም፤ ይሄ ሰው አንድ ቀን እንኳ «ነይ፣ ዙሪያውን ጨርሽልኝ» ብሏት አያውቅም።

«እኔም አንድ ሐሙስ ልምጣ?» አለችው።

ጂን ቱ ደነገጠ። «ገና ነው» አላት። «ትንሽ ቆዪ።»

ገና! አርባ ዓመት የኖረችበት ትዳር እንዲህ በ«ትንሽ ቆዪ» ሊያልቅ ነው።

በሚቀጥለው ሐሙስ የሐር ሸሚዟን ለበሰች፣ ከንፈሯን ቀባች፣ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ወዳለው አዳራሽ ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ ገባች።

ሁሉም አጎንብሶ ይስላል። ባሏ መስኮቱ ሥር ነው። የጀመረውን ክብ አጠገቡ ላለው ሰው ገፋ ሲያደርግለት አየች። ጀርባ ብቻ ነው የሚታያት፤ ቀጭን ትከሻ፣ ከኋላ የታሰረ ረጅም ጥቁር ፀጉር። እንዴት ተጠጋግተዋል!

«ዙሪያውን የምትጨርሽለት አንቺ ነሽ?» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሙሉ ቀና አለ።

ባለ ፀጉሩ ዞሮ አያት፤ «እማ» አለና ብዕሩን በፍጥነት ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ አዛወረው።