ጭረት የሌለው ቁልፍ

ሰፈሩ ለድንበሩ ቀብር ነቅሎ ሲወጣ፣ ሌባው የሟቹን ቤት ሰብሮ ገባ። ድንበሩም ሌባ ነበር። «የድንበሩ እጅ ቁልፍ አይጭርም» ሲባል እየሰማ ይኸኛው ሌባ ሃያ ዓመት ሙሉ በቅናት አርሯል። እሱ ግን ዛሬም የበሩን ቁልፍ ጫረው።

«ወሬ ነው! ሳይጭር የሚከፍት ሌባ የለም» ይል ነበር ሁልጊዜ። አምና የሚስቱ የወርቅ ሐብል ሲጠፋ የገዛ በሩን ቁልፍ በባትሪ መረመረ። ጭረት ቢያጣ ጊዜ አፈጠጠባት።

«ቤቴ ሌባ አልገባም። ለየትኛው ውሽማሽ ሰጠሽው?»

«እናቴ ትሙት፣ ለማንም አልሰጠሁም!»

አልሰማትም፤ በለበሰችው ልብስ አባረራት።

አሁን ከድንበሩ አልጋ ሥር ሣጥን ጎትቶ ከፈተ። ከየሰው ቤት የተለቀሙ ቀለበቶች፣ ጉትቻዎችና ሰዓቶች ሞልተውታል። እጁን ሰዶ ሲዝቃቸው፣ የሚስቱ ሐብል ጣቱ ላይ ተንጠልጥሎ ወጣ።