የቱን አጎደልኩ?

ሳንዳ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ጣቷን ትዘረጋልኛለች። «የቅድሙ ተሳስቶ ይሆናል» ትላለች። በመርፌ ወጋ አደርገዋለሁ፤ ደሟን መለኪያው ላይ አኖራለሁ። ቁጥሩ ከቅድሙም ብሶ ይመጣል።

«ስንት አለ፣ ሲስተር?»

«ከፍ ብሏል። ስኳር ነው፣ ሳንዳ።»

የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ከጤና ጣቢያችን በሳምንት ሁለቴ ለእርጉዞች በስልክ መልእክት የምልከው እኔ ነኝ፦ ከምግብ በኋላ ተራመጂ፣ ዳቦ ቀንሺ፣ ጣፋጭ ይቅርብሽ። ከአሥራ አንዱ ሴቶች የምትመልስልኝ እሷ ብቻ ናት። «ተራመድኩ» ትለኛለች። አንዳንዴም «በረዶ ነበር፤ ግን ተራመድኩ»።

አማቷ ፓራስኪቫ ድንች የምትልጥበትን ቢላ ታስቀምጣለች።

«ለፋሲካ እንኳ አልፈሰከችም! ጎረቤቱ ሁሉ ‹ምራትሽ ለየላት እንዴ፣ በጭቃ ምን ያንከራትታታል?› እያለ ስቆብኛል። ታዲያ ያ ሁሉ መልእክትሽ ምን ፈየደላት?»

«እማማ፣ ለብዙዎች ይረዳል…»

«የብዙዎቹን ተዪልኝ። ለዚህችስ?»

ሳንዳ ስልኳን አውጥታ ወደ እኔ ታዞራለች። የራሴ ቃላት ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ሥር የእሷ መልስ አለ።

«‹ይህን ካደረግሽ ልጅሽን ትጠብቂያለሽ› ብለሽኛል። የቱን አጎደልኩ? ንገሪኝ፣ አስተካክላለሁ።»

አነባለሁ። የጎደለ የለም።

«ምንም አላጎደልሽም» እላታለሁ። የማጽናናት መስሎኝ ነበር። ፊቷ ግን ይጠቁራል፤ ስትለምነኝ የነበረው ጥፋቷን እንድነግራት ነው።

«የመጀመሪያዋ ልጄ በዘጠኝ ወሯ ሆዴ ውስጥ ስትሞት፣ የነገረኝ ስለሌለ ነው፣ ባውቅ ኖሮ አድናት ነበር ብዬ ነው የተጽናናሁት» ትላለች ቀስ ብላ። «ይኸው አሁን አወቅኩ።»

ስኳሩን የሚያወርድ መርፌ እንዳለ፣ ማክሰኞ ዕለት ከተማ ወዳለው ሆስፒታል እንደምትሄድ፣ ብዙ ሴቶች በሰላም እንደሚወልዱ እነግራታለሁ። ስለ ሌላ ሰው የማወራ ይመስል ራሷን ትነቀንቃለች።

ፓራስኪቫ ነጭ ዳቦ ትቆርሳለች፤ የፕለም ማርማላታ ወፈር አድርጋ ትቀባና ሳንዳ ፊት ታስቀምጣለች። «ብዪ፣ ልጄ።»

ሳንዳ አንስታ ትጎርሳለች። ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል፣ ቀስ እያለች እያላመጠች ትጨርሰዋለች። አልከለክላትም።